ኮልፌን በዝናብ ካርታ ላይ

ሐምሌ ላይ አስኮ ዶፍ ሲወርድበት አየር ጤና ፀሐይ ሊሆን ይችላል። የኮልፌ ቀራኒዮ ሰው ይህን ለማወቅ ጥናት አያሻውም። «በሰፈራችን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በዚህ ሰሞን ስንት ዘነበ?» ለሚል ግን አሁን ማፕሩም የሚባል ድረ ገጽ አለ። የአገራችን የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ኢናክትስ በተባለ ሥራ ያዘጋጀው ነው። ከዋና ባለሙያዎቹ አንዱ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ቱፋ ዲንቁ ናቸው። ሥራው በኋላ ሩዋንዳንና ታንዛኒያን ጨምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ዘልቋል።

ካርታው ላይ ቦታውን ጫን ሲያደርጉት የአካባቢው ዝናብ በግራፍ ይወጣል። ከግራፉ ጀርባ ያለው ልፋት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የጣቢያ ታዛቢው ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መለኪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ወደ ምልክት ያለበት ብርጭቆ ገልብጦ በሚሊ ሜትር ይመዘግባል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ነው። ችግሩ ጣቢያዎቹ በአብዛኛው ከተማና አውራ ጎዳና ተከትለው መተከላቸው ነው።

ሌላው ሳተላይት ነው። ሳተላይት ዝናቡን ራሱን አይለካም፤ የደመናውን አናት ሙቀት አይቶ ይገምታል። አናቱ በጣም ቀዝቅዞ ብዙ ከቆየ ዘንቧል ይባላል። ተራራ ላይ ደመናው ብዙ ከፍ ሳይል ሲዘንብ ግን ይሳሳታል። ስለዚህ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከማቸውን የሳተላይት ግምት በጣቢያዎቹ ልኬት አርመው አዋሃዱት። ማንም ያልለካው ገደል እንኳ የዝናብ ታሪክ አገኘ።

ይህ ማለት ግን የእርስዎ ጣሪያ ተለካ ማለት አይደለም። መጀመሪያ የወጣው ካርታ አንዱ ካሬ በየጎኑ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ከኮልፌ ቀራኒዮ ጠቅላላ ስፋት ይበልጣል። አስኮና አየር ጤና የተጣሉበትን ከሰዓት በኋላ እዚያ መፈለግ ከንቱ ነው። ካርታው የሚጠቅመው ለወራትና ለዓመታት ጥያቄ ነው፤ ለምሳሌ ትንሿ አቃቂ ዳር ጎመን ለሚተክል፣ ክረምቱ መቼ እንደሚጠና ለማየት።

እሱም ቢሆን ቀኑን ይመንዝር። ገጹ ወሩን በአስር በአስር ቀን የሚከፍለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ «የጁላይ መጀመሪያ አስር» የሚለው ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 3 ያለውን ነው።