የጉቶ መፍጫ በስንዴ አገር፦ ያገለገለ መኪና ከመግዛት በፊት

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣው ጎዳና ኢተያን አልፎ ወደ ቁሉምሳ ሲያቀና፣ ግራና ቀኙን የከበበው የስንዴ ማሳ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ በማሳው ዳርቻም ሆነ በየግቢው አጥር ባሕር ዛፍ ያልተተከለበት ቦታ ማግኘት ያዳግታል፤ ዛፉም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ለገበሬው አጣናም፣ ማገርም፣ ማገዶም፣ በክፉ ቀንም የሚመነዘር ጥሪት ሆኖ ኖሯል። እንግዲህ ዛፍ በሞተር መጋዝ እየቆረጠ የሚተዳደር ሰው፣ ሥራውን ለማስፋት ሲል ከውጭ የመጣ ያገለገለ የጉቶ መፍጫ መኪና ለመግዛት ቢያስብ፣ ሐሳቡ ነቀፋ የሚገባው አይደለም፤ ነገር ግን ንዋዩን ከማውጣቱ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ከመኪናው ይልቅ ገበያውን ነው።

ያገለገለ መኪና የሚሸጥበት ዋጋና ለባለቤቱ የሚያስወጣው ወጪ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሐተታ ያህል፣ አንድ መፍጫ በ600,000 ብር ተገዝቶ ከ5 ዓመት በኋላ 100,000 ብር ያወጣል እንበል፤ በየዓመቱ 100,000 ብር በእርጅና ያልቃል ማለት ነው፤ ገንዘቡም በመቶ 16 ወለድ የተበደሩት ቢሆን የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 96,000 ብር ይሆናል። ይህ 196,000 ብር መኪናው ቢሠራም ባይሠራም የማይቀር ዕዳ ነውና፣ በዓመት 160 ቀን ሥራ ላገኘ ሰው በቀን 1,225 ብር ሲደርስበት፣ 40 ቀን ብቻ ላገኘው ግን 4,900 ብር ይደርስበታል፤ ነዳጁ፣ የሠራተኛው አበልና የመፍጫው ጥርስ መተኪያ ገና አልተቆጠረም። በዚሁ በሄጦሳ ወረዳ ስንዴ የሚያጭዱ የኮምባይነር ባለቤቶች ይህን ሕግ ከማናችንም አስቀድመው ያውቁታል፤ የአርሲው አዝመራ ሲያልቅ መኪናቸውን ወደ ባሌ የሚያዘዋውሩትም የሥራውን ቀን ለማርዘም ነው።

አሁን ወደ ጉቶው እንመለስ። በሌላ ዓለም፣ የከተማ መስክና የግቢ ሣር በሚያማምርበት አገር፣ ጉቶ ማለት ባለቤቱ ገንዘብ ከፍሎ እንዲጠፋለት የሚፈልገው እንቅፋት ነው፤ በኢተያ ግን ጉቶ ንብረት ነው። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ዳግመኛ አቆጥቁጦ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ አጣና ይሰጣል፤ ይህም አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ ነው፤ ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ ዛፉን ሲያስቆርጥ ጉቶው እንዳይሰነጠቅ ይጠነቀቃል እንጂ አያስፈጨውም። መሬቱን ወደ እርሻ ለመመለስ የቆረጠ እንደሆነም፣ ዶማና ዲጅኖ የያዙ ሰዎች ጉቶውን ቆፍረው አውጥተው የድካማቸውን ዋጋ በእንጨቱ ሊወስዱ ይችላሉ። መፍጫው ግን ይህንኑ ማገዶ ስብርባሪ አድርጎ ይበትነዋል፤ ስብርባሪውም ከአፈር ጋር የተቀላቀለ እንደሆነ እስኪበሰብስ ድረስ የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚሻማ፣ በላዩ የተዘራው ስንዴ ሊገረጣ ይችላል። ባለጉቶው እንግዲህ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድም ለመኪናው፣ አንድም ባጣው እንጨት።

ታዲያ መፍጫው በዚህ አገር ሥራ የለውም ማለት ነውን? አለው፤ ነገር ግን ዶማ በማይገባበት ቦታ ነው። የቤት መሠረት፣ የውኃ ቧንቧ ወይም የግንብ አጥር አጠገብ የበቀለን ጉቶ መቆፈር ከጉቶው የከበደ ጉዳት ያመጣልና፣ በአሰላና በአዳማ ያሉ ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎች፣ የቤተ ክርስቲያን አጸዶችና የመሥሪያ ቤት ግቢዎች ደንበኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ከገበሬውም ወገን፣ በማሳው ውስጥ ተደብቆ የቀረ ጉቶ የትራክተር ማረሻ ወይም የኮምባይነር ማጭጃ የሰበረበት ሰው የማስፈጫውን ዋጋ ሳያመነታ ይከፍላል።

ሥራው በበቂ መጠን ከተገኘ፣ መኪናውን መምረጥ የሚጀመረው ሞተሩ ሳይሞቅ ነው። ሻጩ ገዢው ከመድረሱ በፊት አሙቆ ቢጠብቀው፣ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚያሳየውን ጢስና ማንገራገር ደብቆታል ማለት ስለሆነ፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ወይም በሌላ ቀን ሳይነግሩ መመለስ ይበጃል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ጥርስ የተተከለበትን የመፍጫውን መንኰራኵር በሁለት እጅ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ነው፤ ቢወላወል ኩሽኔታው አልቋል። የጥርሱ ዱልዱምነት ብዙ አያስፈራም፤ ጥርስ በባሕርዩ አላቂ ነውና ይተካል። የሚያስፈራው የጥርሱ መቀመጫ ተሰንጥቆ በብየዳ የተጠገነ እንደሆነ ነው፤ በአንድ ወገን የከበደ መንኰራኵር እየተንቀጠቀጠ ዘንጉንም ሻሲውንም ይጨርሳልና። ቺንጋውን፣ የሃይድሮሊክ ቱቦውን መሰነጣጠቅና አዲስ ቀለም የተቀባባበትን ብየዳ ማየትም ግድ ነው። የሥራ ሰዓት ቆጣሪው ትንሽ ቁጥር አሳይቶ መያዣው በእጅ ብዛት ልሞ ከተገኘ፣ መያዣውን ማመን ይሻላል።

ደላላ የማይነግረው ሌላም ነገር አለ። ኢተያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከኀይሉ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። በባሕር ጠረፍ 25 የፈረስ ጉልበት የነበረው መፍጫ እዚህ 20 ገደማ ብቻ ቢሰጥ ሻጩ ዋሽቷል አይባልም፤ አየሩ ሳስቶ እንጂ። ስለዚህ ከሚያስፈልገው ጉልበት ከፍ አድርጎ መግዛት ያሻል።

የመለዋወጫው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣ ጥርስና ኩሽኔታም ተወደደ። መካኒክ የማያውቀው ሞተር ቢሰበር፣ መለዋወጫ ሲጠበቅ የሚባክነው ወር በባለቤቱ ላይ ወለድ ይቆጥርበታል።

በዚህ ምክንያት የእኔ ፍርድ የራሱ ሞተር ወደሌለው፣ ከትራክተር ጀርባ ተቀጥሎ በትራክተሩ የኋላ ዘንግ ኀይል ወደሚሠራው መፍጫ ያዘነብላል። ትራክተር በአርሲ እንግዳ አይደለም፤ ጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን መንግሥት ርዳታ አሰላ ላይ ከተቋቋመበት ዘመን ጀምሮ አገሩ ይህን መኪና ለምዶታል። (በዚያ ዘመን የትራክተር መስፋፋት ብዙ ጭሰኞችን ከባለርስት መሬት ማስለቀቁን ግን ታሪክ አልዘነጋውም፤ መፍጫም የዶማ ሠራተኛውን እንጀራ እንደሚነካ ማሰብ ይገባል።) ትራክተሩ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ እስከሚቀጥለው እርሻ ድረስ ሥራው ስለሚቀንስ፣ በዚያ ወራት መፍጫ ቢጎትት ለትራክተሩና ለመፍጫው ባለንብረቶች ገቢ ይሆናል። ገዢው ታዲያ የትራክተሩ ዘንግ በደቂቃ 540 ዙር የሚዞረው ዓይነት መሆኑንና መፍጫውም ለዚያው የተሠራ መሆኑን፣ ክሮቸራው አለመላላቱን፣ የዘንጉም መከለያ መኖሩን ያረጋግጥ፤ ያለ መከለያ የሚዞር ዘንግ ልብስ ይዞ ሰው ይጎትታልና በዚህ ነገር ዋጋ መቀነስ የለም።

ባለሞተሩን መፍጫ ለብቻው በብድር የሚገዛ ሰው ግን፣ ቋሚ ደንበኛ አስቀድሞ ካልያዘ በቀር፣ የእኛ ሰዎች ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉትን ያደርጋል። ቀብድ ከመክፈሉ በፊት በአሰላ፣ በኢተያና በአዳማ ግቢ ለግቢ ዞሮ፣ ሥራ እንሰጣለን የሚሉትን በቀንና በዋጋ ይመዝግብ፤ ከትራክተር ባለቤት ጋርም የገቢውን ክፍፍልና ብልሽት ሲደርስ ማን እንደሚያስጠግን በጽሑፍ ይዋዋል። የተመዘገበው ሥራ በዓመት ከ100 ቀን በታች ከሆነ መኪናውን አይግዛ፤ ገንዘቡን ለተጨማሪ ሞተር መጋዝና ለማጓጓዣ ያውለው።