ዘርን የሚለካው ጎማ

ጥቁር ዓባይ ከኢትዮጵያ ወርዶ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ከከተማይቱ በስተደቡብ፣ በሁለቱ ወንዞች መካከል፣ የገዚራ ሜዳ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1925 የሰናር ግድብ ከተሠራ ወዲህ ይህ ሜዳ በመስኖ የሚለማ የታወቀ የጥጥ እርሻ ሆነ። ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ መተማና ወደ ሁመራ አቅጣጫ፣ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር አለ። በዚያ ሰፊ እርሻ ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅለው በዝናብ ነው። በትራክተር ማረስና መዝራት በገዳሪፍ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1944 አካባቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ካርቱም ላይ የፈነዳው ጦርነት ወደ ገዚራ በተዛመተ ጊዜ የገዳሪፍ ማሽላ ለሕዝቡ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ይበልጥ ታየ።

ጥቁር አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ደግሞ ጭቃው ይይዛል። ለመዝራት የሚመቸው በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ ፈጥኖ መዝራት ግድ ነው። ነገር ግን መፍጠን ብቻውን አይበቃም።

ዘር በእጁ የሚበትን ገበሬን እንመልከት። ጭብጡ መስፈሪያው ነው፤ እርምጃው ደግሞ ርቀት መለኪያው ነው። እጁና እግሩ ስለሚስማሙ ፈጥኖ ቢራመድም ቀስ ቢልም ዘሩ እኩል ይዳረሳል። በትራክተር የሚጎተተው የዘር መዝሪያም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። የእርምጃው ምትክ መሬት ለመሬት የሚንከባለል ጎማ ነው። ጎማው በሰንሰለትና በጥርስ አማካይነት በዘር ሣጥኑ ሥር ያለውን መጣኝ ያዞራል፤ የጭብጡም ምትክ ይህ መጣኝ ነው። መጣኙን የሚያዞረው የትራክተሩ ሞተር ሳይሆን ጎማው በመሆኑ፣ ትራክተሩ ሲቆም ዘሩም መውረዱን ያቆማል።

መጣኙ ሁለት ዓይነት ነው። ለስንዴና ለማሽላ ዙሪያውን ቦይ የተቆረጠለት ዘንግ ዘሩን ሳያቋርጥ ያወርዳል። ለበቆሎና ለለውዝ ግን ዳር ዳሩን ቀዳዳ ያለው ሳሕን እየዞረ ፍሬውን አንድ በአንድ ይጥላል። ከዚያ ዘሩ በቱቦ ይወርዳል፤ ፈር ከፋቹ ትልም ይከፍትለታል፤ አልባሹ አፈር ይመልስበታል፤ በመጨረሻም ጠቅጣቂው ጎማ እርጥቡን አፈር ከዘሩ ጋር ያጣብቀዋል።

መጣኙ በትክክል መስፈሩን ለማወቅ ወደ ማሳ ከመውጣት በፊት መፈተን ይገባል። ለምሳሌ በሄክታር 10 ኪሎ ግራም ዘር ተፈልጓል እንበል። ይህ ለ1 ካሬ ሜትር 1 ግራም ማለት ነው። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር፣ የመሣሪያው ስፋት 3 ሜትር ከሆነ፣ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 6 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ 6 ግራምም መውረድ አለበት። እንግዲህ ጎማውን ከመሬት አንሥተን 50 ጊዜ ብናዞረው 300 ግራም ማግኘት ይገባናል። የተገኘው 240 ግራም ቢሆን ከአምስት እጅ አንዱ ጎድሏል። ይህ ጉድለት አስቀድሞ ካልታወቀ የሚታየው ቡቃያው ሳስቶ ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መዝሪያው ቀን አልፏል።

ፈተናው ቢያልፍም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጎማው በጭቃ ላይ ሳይዞር ከተንሸራተተ መሬቱ ያለ ዘር ይታለፋል። ቱቦ በጭቃ ሲደፈንም ሾፌሩ ከፊት ሆኖ አያየውም፤ ስለዚህ ከኋላ የሚመለከት ሰው ያስፈልጋል።

በገዳሪፍ ብዙ ገበሬ የሚሠራበት ሰፊ ዲስክ ሣጥን ተጭኖበት በአንድ ጉዞ አረም ይቆርጣል፣ ይዘራል፣ አፈርም ያለብሳል። ጊዜና ነዳጅ ይቆጥባል። ጉድለቱ ግን ዘሩን በአንድ ጥልቀት አለማኖሩ ነው። ለማሽላ ከ3 እስከ 5 ሣንቲ ሜትር ይስማማዋል፤ ከዚያ በጣም የጠለቀው ሳይወጣ ይቀራል፣ ላይ የቀረውን ደግሞ ወፍ ይለቅመዋል ወይም ፀሐይ ያደርቀዋል። በመስመር የሚዘራው መሣሪያ ይህን ያስተካክላል፤ ዋጋውና ጥገናው ግን ከባድ ነው።

በሱዳን መሬት የሚለካው በፈዳን ሲሆን አንዱ ፈዳን 4,200 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ተማሪዎች ከላይ ባለው ምሳሌ መሠረት ለአንድ ፈዳን ስንት ዘር እንደሚበቃና ጎማው ስንት ጊዜ እንደሚዞር ያስሉ። 4 ኪሎ ከ200 ግራምና 700 ዙር ካገኙ መሣሪያው ገብቷቸዋል ማለት ነው።