ምንጭ፣ ዋቢ፣ ጥቅስ፦ በሥነ ጽሑፍ ጥናት ማስረጃን ስለ መፈለግና ስለ መጥቀስ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው አነጋገር ለዳኛና ለሽማግሌ ብቻ የተነገረ አይደለም። የሥነ ጽሑፍ ተማሪም የጥናት ጽሑፉን ሲያዘጋጅ የመጀመሪያ ሥራው ነገሩን ከሥሩ ማግኘት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለዚሁ ሥራ የምንገለገልባቸውን ሦስት ቃላት፣ ማለትም ምንጭን፣ ዋቢንና ጥቅስን አንድ በአንድ እንመለከታለን። ቃላቱ የተለመዱ ቢሆኑም አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ይታያል፤ የቃላቱም መደባለቅ የአሠራር መደባለቅን አስከትሎአል ብለን እናምናለን።

ለመነሻ ያህል አንድ ገጠመኝ እናንሣ። እንድንመረምረው የቀረበልን አንድ የተማሪ ጽሑፍ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚመለከት ነበር። ተማሪው ጉዱ ካሣ ተናገረው ያለውን አንድ ዐረፍተ ነገር በትእምርተ ጥቅስ አስገብቶ፣ የገጽ ቍጥር ጨምሮ ጠቅሶአል፤ የክርክሩም መሠረት ይኸው ዐረፍተ ነገር ነበር። በተጠቀሰው ገጽ ብንፈልገው አጣነው፤ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ብናገላብጥም በዚያ መልክ አልተገኘም። ተማሪውን ብንጠይቀው ከአንድ ቀደም ያለ የተማሪ ጽሑፍ እንደ ወሰደው ነገረን። የዚያ ጽሑፍ ባለቤት ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርከው የሰማውን በትውስታ ጽፎት ኖሮአል፤ የገጹም ቍጥር ግምት ነበር። ሁለቱም ግን «ዋቢ መጻሕፍት» ከሚለው ርእስ ሥር መጽሐፉን አስፍረዋል። ማንም ሊዋሽ አላሰበም፤ ሆኖም ደራሲው ያልጻፈው ቃል በስሙ ተመዘገበ።

ከሦስቱ ቃላት የመጀመሪያው ምንጭ ነው። ምንጭ ውሃ የሚፈልቅበት ስፍራ እንደ ሆነ ሁሉ፣ በጥናትም ጉዳዩ የሚፈልቅበት ነው። ስለ አንድ ልብ ወለድ የሚያጠና ሰው ቀዳማይ ምንጩ ራሱ ልብ ወለዱ ነው፤ ስለ ልብ ወለዱ የተጻፈው ሒስና ትንታኔ ካልአይ ምንጭ ይሆናል። ይህ ደረጃ ግን በጽሑፉ ላይ ታትሞ የተቀመጠ ሳይሆን ከጥያቄው ጋር የሚለዋወጥ ነው። መጽሐፉ በራዲዮ እንዴት እንደ ተተረከ ለሚያጠና ሰው ትረካው ቀዳማይ ምንጭ ነው። ጥፋቱ ትረካውን መጠቀም ሳይሆን ትረካውን መጽሐፍ ብሎ መጥራት ነው።

ምንጭ ሲባል የትኛው ሕትመት እንደ ሆነ መለየትም ይገባል። ዛሬ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት በ1900 ዓ.ም. በሮም ሲታተም ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ይህ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ትንሽ ነገር አይደለም። «ልብ ወለድ» ዛሬ የድርሰት ዓይነት መጠሪያ ስለ ሆነ፣ የቃሉን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የፊተኛውን ሕትመት የርእስ ገጽ ካላየ ዋና ማስረጃው ያመልጠዋል። በኢንተርኔት የሚሰራጩ፣ ገጽ በገጽ በፎቶግራፍ የተነሡ ቅጂዎች አልፎ አልፎ ይህ ገጽ ይጎድላቸዋል። እንዲህ ያለ ቅጂ የገጠመው ተማሪ ወመዘክር በሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሄዶ የታተመውን ቢያመሳክር ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

ሁለተኛው ቃል ዋቢ ነው። ዋቢ በሕዝቡ አነጋገር ዋስ፣ አለኝታ ማለት ነው፤ «ዋስ ዋቢ የሌለው» ሲባል ሲጠሩት ቀርቦ የሚቆምለት ሰው የሌለው ማለታችን ነው። ስለዚህ ዋቢ መጽሐፍ የሚባለው ጸሐፊው ገልጦ ያየው፣ አንባቢም ሲጠራው ቀርቦ የሚቆምለት መጽሐፍ ብቻ ነው። ያልተገለጠ መጽሐፍ ምንጭ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ዋቢ ግን አይሆንም። መጽሐፉን ማግኘት ያልቻለ ሰው «በእገሌ እንደ ተጠቀሰው» ብሎ የደረሰበትን መንገድ ቢገልጥ ነውር የለበትም።

ዋስ ሲጠራ አቅሙ እንደሚመረመር ሁሉ ዋቢም ይመረመራል። ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? እርሱስ ከየት አገኘው? በ1948 ዓ.ም. የታተመውን «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ለምሳሌ ብንወስድ፣ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበት፣ እርሳቸው ካረፉም በኋላ ደስታ ተክለ ወልድ ያሳተሙት ሥራ ነው። መቅድሙን ሳያነብ ፍቺውን ብቻ የሚገለብጥ ሰው የሚጠራው ዋቢ የሦስት ሊቃውንት እጅ ያለበት መሆኑን ሳያውቅ ይቀራል።

ሦስተኛው ቃል ጥቅስ ነው። ጠቀሰ ማለት በዓይን አመለከተ ማለትም ነው። እንግዲህ የሚጠቅስ ሰው የሌላው ዓይን ሊደርስበት ወደሚችል ስፍራ ማመልከት ይኖርበታል። ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ብቻ አይደለም። የአንድምታ መምህራን ለሚሰጡት ትርጓሜ ምስክር ሲያመጡ ቃሉን ጠቅሰው «እንዲል» በማለት የማን እንደ ሆነ ይለያሉ። ዛሬ በተማሪ ጽሑፍ የሚበዛው «አንዳንድ ምሁራን እንደሚሉት» ግን ማንንም አይጠቅስም።

በጥቅስ ረገድ ተርጓሚንና ተማሪን የሚያሰናክሉ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ፊደል ነው። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ርእስ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው፤ «አዲስ የአማርኛ» ብሎ የሚያርመው ሰው መጽሐፉን በስሙ ለሚፈልግ አንባቢ መንገዱን ያጠፋበታል። ሁለተኛው የሰው ስም ነው። የአገራችን ስም የአባት ስም እንጂ የቤተ ሰብ መጠሪያ ስለማይከተለው፣ በውጭው ልማድ የመጨረሻውን ቃል ወደ ፊት ማምጣት ሐዲስ ዓለማየሁን ከ«ዓለማየሁ»፣ ደስታ ተክለ ወልድን ከ«ወልድ» ሥር ይጥላቸዋል። ስለሆነም በዝርዝር ሲመዘገቡ በራሳቸው ስም ይቅደሙ እንላለን።

ሦስተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የታተመው በ1975 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. 1983 ነው። መጽሐፉ ከ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር የተያያዘ ነው። «1975» የሚለውን ብቻ ያየ የውጭ አገር አንባቢ የራሱ አቈጣጠር ቢመስለው፣ ልብ ወለዱ ከዘመቻው ሰባት ዓመት ቀድሞ ወጣ ሊል ነው። የሁለት ፊደል ምልክት መጉደሉ የመጽሐፉን ትርጕም ያዛባል።

እንግዲህ ምንጭን ጉዳዩ ለሚፈልቅበት፣ ዋቢን አይተን ለጠራነው፣ ጥቅስን በፊደሉና በገጹ ላመለከትነው ቃል ብንለይ ቃላቱም አሠራሩም ይጠራሉ። ያ ተማሪ መጽሐፉን ተውሶ አንብቦ፣ ጉዱ ካሣ በእርግጥ የተናገረውን ከነገጹ ይዞልን መጣ። ክርክሩ ከፊተኛው ጠበብ ያለ ነበር፤ ነገር ግን በዋቢው የሚቆም ሆነ።