ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም ልጆችን ማስተማር

ሕፃን ጠላትነትን ይዞ አይወለድም፤ ከታላላቆቹ ይማረዋል እንጂ። በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1933 እስከ 1945 ዓመት ጀርመንን የገዙት ናዚዎች ይህን ስላወቁ በልጆች መጻሕፍት ውስጥ እንኳ ጥላቻን ጻፉ። ጦርነቱም ባለቀ ጊዜ የፈረሱት ከተሞች ብቻ አልነበሩም፤ የልጆቹም ልብ ቈስሎ ነበር።

ዬላ ሌፕማን የምትባል የአይሁድ ወገን የሆነች ጸሐፊ ነበረች። ናዚዎችን ሸሽታ በእንግሊዝ አገር ተቀመጠች፤ በ1945 ዓመት ግን ስለ ሴቶችና ስለ ሕፃናት ጉዳይ ለአሜሪካ ጦር አማካሪ ሆና ወደ ተወለደችበት አገር ተመለሰች። በዚያም የተራቡ ልጆችን አየች። ለሥጋቸው ምግብ እንደሚያስፈልጋቸው ሁሉ ለልባቸውም ምግብ እንዲያገኙ ብላ፥ የልጆች መጻሕፍትን እንዲሰጧት ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ጻፈች።

የቤልጅግ ሰዎች ጀርመኖች ሁለት ጊዜ አገራቸውን ስለ ወረሩ እንቢ አሉ። ቍጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። እርሷ ግን ወረራው ሦስተኛ ጊዜ እንዳይመጣ እነዚህ ልጆች ሌሎችን ሕዝቦች ማወቅ ይገባቸዋል ስትል ደግማ ለመነቻቸው፤ እነርሱም መልካም መጻሕፍትን መርጠው ላኩ። መጻሕፍቱም በ1946 ዓመት በሙኒክ ከተማ ለሕዝብ ታዩ፤ በ1949 ዓመትም በዚያው ከተማ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ እስከ ዛሬም አለ።

በዚያው ዓመት ኤሪክ ኬስትነር ከእርሷ በተቀበለው አሳብ ስለ እንስሳት ጉባኤ አንድ መጽሐፍ አወጣ። በዚህ ታሪክ እንስሳት ስለ ሰው ልጆች አዝነው ይሰበሰባሉ፤ መንግሥታት አልሰማ ባሏቸው ጊዜም ልጆችን ሁሉ ይሸሽጉባቸዋል። በመጨረሻ መንግሥታት ልጆቹን ለማግኘት የሰላም ውል ይፈርማሉ። ይህን ያነበበ ልጅ ጦርነት ከሰው የሚወስደውን ነገር ያለ ብዙ ትርጓሜ ያስተውላል።

እንግዲህ ወላጅና መምህር ጦርነት የለም ብለው ልጅን አያታልሉ፤ የሙታንንም ብዛት በመቍጠር አያስፈራሩት። መልካም ታሪክን አብረውት ያንብቡ፤ ከዚያም፦ የተጐዳው ማን ነው? ጠቡንስ ማን ሊያበርደው ይችል ነበር? ብለው ይጠይቁት። የጠላቱን አገር ልጅ እንደ ራሱ ሲራብና ሲጫወት በመጽሐፍ ያየ ልጅ፥ ባደገ ጊዜ እርሱን ለመጥላት ይቸግረዋል። ሰላም የሚጀመረው ከዚህ ነው።