ሱስ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ስሙን ይቀይራል

አርባ ምንጭ ውስጥ «ሱስ ይዞኛል፣ አክሙኝ» ብሎ ካርድ የሚያወጣ ሰው ብዙም አታገኙም። ሰው የሚመጣው «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል»፣ «እንቅልፍ አጣሁ»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «ከሞተር ወደቅኩ» እያለ ነው። ሐኪሙም ያንኑ ያክማል። ከጀርባ ያለው ጫት ወይም አረቄ ካልተጠየቀ ካርዱ ላይ አይጻፍም። በሽተኛው ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ነገሩ እንዴት ይጀምራል? ብዙ ጊዜ በሰንሰለት ነው።

👉 ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ተማሪ ጋር «ለፈተና ነው» ተብሎ ይጀመራል።

👉 ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል፤ ቢራ ወይም አረቄ።

👉 በማግስቱ ድብርትና ሐራራ። ሐራራውን ለማስታገስ እንደገና ጫት።

እንዲህ እያለ አንዱ ሱስ ሌላውን ይጎትታል። «እኔ እኮ ጫት ብቻ ነው» የሚል ሰው ሳያስበው ጠጪም ሆኖ ይገኛል።

አረቄ በተለይ ይታሰብበት። ዶርዜ ላይ እንግዳ «ዮ! ዮ! ዮ!» እየተባለ አረቄ ሲቀርብለት የደንብ አቀባበል ነው፣ ማንም አይጠላውም። ግን ቢራ ወደ 5 በመቶ አልኮል ሲኖረው ጠንካራ አረቄ 40 በመቶና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። አንዷ መለኪያ የአንድ ጠርሙስ ቢራ ያህል አልኮል ልትይዝ ትችላለች። በየቀኑ አራት አምስት መለኪያ ሲሆን ጉበት፣ ደም ግፊትና ኪስ አብረው ይጎዳሉ። የቲቢ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሲጠጣ መድኃኒቱን ይረሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 (እ.ኤ.አ.) በአልኮል ምክንያት 2.6 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከ20 እስከ 39 ዓመት ባሉት ወጣቶች ከሚከሰተው ሞት 13 በመቶው ከአልኮል ጋር የተያያዘ ነው። እኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። መንደር ውስጥ በመለኪያ የሚሸጥ አረቄ ጋር ግን መታወቂያ የሚጠይቅ ማን አለ?

ሱስ መያዙ በምን ይታወቃል?
✅ ለማቆም ሞክሮ አለመቻል
✅ መጠኑ በየጊዜው መጨመሩ
✅ ሲቀር መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ መነጫነጭ
✅ ለትምህርት፣ ለቤት ኪራይ የተያዘ ብር እዚያ ላይ ማለቁ

⚠️ ይህቺን በደንብ አንብቡ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ካቆመ አደጋ አለው። ባቆመ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ሊቃዥና የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሕክምና ካላገኘም ሊሞት ይችላል። ቤተሰብ «ልቡ ይመለስ» ብሎ ቤት ቢቆልፍበት ወይም ቢያስረው ጉዳቱ ይብሳል። ጸሎትም ጸበልም የሚሄድ ይሂድ፣ ሐኪም ግን አብሮ ይወቀው። ጫት ማቆም እንዲህ አይገድልም፤ ድካሙ፣ ቅዠቱና ድብርቱ ግን ለቀናት ስለሚቆይ አጠገቡ ሰው ያስፈልገዋል።

ወዴት ይኬዳል? አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ከአርባ ምንጭ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ሁሉም አይደርስበትም። መጀመሪያ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም አርባ ምንጭ ጠቅላላ ሆስፒታል ሂዱና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ለምንም ሕመም ብትሄዱ ሁለት ነገር ሳትጠየቁ ተናገሩ፦ ምን እንደምትወስዱና በቀን ምን ያህል። ሐኪሙ የሆድ ማስታገሻ ብቻ ሰጥቶ እንዳይመልሳችሁ የሚያደርገው ያ መልስ ነው።

ይህ የሚያስፈልገው ጓደኛ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩለት። ኮሜንት ላይ ስሙን ታግ አታድርጉ።