የማይነሣው ኮምፒዩተርና ያልጠፋው መዝገብ

የአንድ አጥቢያ ጽሕፈት ቤት የሰባት ዓመት የገቢና የወጪ ሒሳብ፣ የምእመናን ወርኃዊ መዋጮና የክርስትና መዝገብ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተይዞ ይኖር ነበር። ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ በድንገት ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ተቃጠለ፤ ሃርድ ዲስኩ ግን ተረፈ። ሒሳብ ሹሟ ከተረፈው ዲስክ ላይ ትልቁን የመዝገብ ፋይል ወደ አዲስ ኮምፒዩተር ገለበጡ። ሲከፍቱት ግን በጥቁር ገጽ ላይ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ታዩ። ለእርዳታ የተጠራው ወጣት ባለሙያም «ዲስኩ ተበላሽቷል፤ ፎርማት አድርገን ዊንዶውስ እንደ ገና እንጫንበት» የሚል ምክር ሰጠ። የዓመቱ የሒሳብ ምርመራ ሊጀመር የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ሥራው እንዲቆም አድርገው ስልክ ደወሉልኝ።

መዝገቡ አልጠፋም ነበር፤ ሊጠፋ ግን የቀረው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር። በሌሎች አጥቢያዎችም ተመሳሳይ አሠራር እየተለመደ ስለ ሆነ፣ የሰበካ ጉባኤ አባላትና አገልጋዮች እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥማችሁ በምን ቅደም ተከተል መመርመር እንደሚገባ ለማስረዳት ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል።

እንግዳው ኮምፒዩተርና አስተናጋጁ

አጥቢያው የሚጠቀምበት የሒሳብ ፕሮግራም የቆየ ነው፤ የሚሠራውም በዊንዶውስ 7 ላይ ነው። አዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ከዊንዶውስ 11 ጋር ይመጣሉ። ስለዚህ ቨርቹዋልቦክስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም አማካይነት በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ተፈጥሮ ነበር። ይህም ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። በእጅ የሚዳሰስ አካል የለውም፤ ማስታወሻውንና ፕሮሰሰሩን ከአስተናጋጁ ኮምፒዩተር ይዋሳል። ሃርድ ዲስኩም ቢሆን በአስተናጋጁ ዲስክ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው፤ የፋይሉ ስም አብዛኛውን ጊዜ «ቪዲአይ» በሚሉ ፊደላት ያበቃል።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር አለ። እንግዳው ኮምፒዩተር አልነሣም ማለት መዝገቡ ጠፋ ማለት አይደለም። ቁልፉ የጠፋበት ሣጥን ባዶ ነው እንደማይባል ሁሉ፣ ያልተነሣ ማሽንም በውስጡ የያዘውን እንደ ያዘ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ አስቀድሞ፦ ሙሉውን ማኅደር መገልበጥ

ማናቸውም ሙከራ ከመደረጉ በፊት ቨርቹዋልቦክስን ዘግቶ የማሽኑን ማኅደር በሙሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል። «በሙሉ» የሚለው ቃል ይሠመርበት። በማኅደሩ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው የዲስኩ ፋይል ነው። ሁለተኛው ማሽኑ እንዴት እንደ ተዋቀረ የሚመዘግብ ትንሽ የቅንብር ፋይል ነው። ሦስተኛው ስናፕሾት የሚባለው ንዑስ ማኅደር ነው። ስናፕሾት ማለት ማሽኑ በአንድ ቀን የነበረበትን ሁኔታ ምልክት አድርጎ ማቆየት ነው። ምልክቱ ከተደረገ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ በዋናው የዲስክ ፋይል ላይ ሳይሆን በዚህ ንዑስ ማኅደር ውስጥ ባለ ሌላ ፋይል ላይ ይጠራቀማል። ዋናውን ፋይል ብቻ የገለበጠ ሰው ከምልክቱ በኋላ የተጻፈውን ሁሉ ትቶ ሄዷል ማለት ነው።

ቅጂው ከተያዘ በኋላ ውጫዊው ዲስክ ተነቅሎ ይቀመጥ፤ አይነካ።

የት ላይ እንደ ቆመ መለየት

ማንኛውም ኮምፒዩተር ሲነሣ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ እንደሚተላለፍ ነገር ነው። አንዱ ለሚቀጥለው ሳያስረክብ ከቀረ ጉዞው እዚያው ይቆማል። በገጹ ላይ የሚታየው ቃል የትኛው እንዳላስረከበ ያመለክታል። ስለዚህ መልእክቱን ከመዝጋት በፊት በስልክ ፎቶ ማንሣት ይገባል።

1. አስተናጋጁ ፈቃድ ይሰጣል። የኮምፒዩተሩ ፕሮሰሰር ሌላ ማሽን በውስጡ እንዲሠራ መፍቀድ አለበት። ይህ ፈቃድ በኢንቴል ፕሮሰሰር ቪቲ ኤክስ፣ በኤኤምዲ ደግሞ ኤኤምዲ ቪ ይባላል። በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ፣ ወይም የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲሞት፣ ፈቃዱ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቨርቹዋልቦክስ ቪቲ ኤክስ መዘጋቱን ይናገራል። መፍትሔው ኮምፒዩተሩ ሲበራ ኤፍ 2 ወይም ዴሊት የሚለውን ቁልፍ በመጫን ወደ ባዮስ ገብቶ መክፈት ነው፤ ቁልፉ እንደ ኮምፒዩተሩ ሥሪት ይለያያል። የአስተናጋጁ ዲስክ ሞልቶ ከሆነም እንግዳው ይቆማልና ቦታ ማስለቀቅ ያስፈልጋል።

2. የማስነሻው ዘዴ ይመረጣል። ኮምፒዩተሮች የሚነሡባቸው ሁለት ዘዴዎች አሉ፤ የቆየው ባዮስ ሲሆን አዲሱ ኢኤፍአይ ነው። በባዮስ የተጫነ ዊንዶውስ ማሽኑ ወደ ኢኤፍአይ ሲቀየር ዲስኩ ደኅና ሆኖ ሳለ አይነሣም። ምልክቱ «ዩኢኤፍአይ ኢንተርአክቲቭ ሼል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጥቁር ገጽ ነው።

3. ዲስኩ ይፈለጋል። «ኖ ቡተብል ሚዲየም ፋውንድ» የሚል መልእክት ከታየ ማሽኑ የሚነሣበትን ዲስክ አላገኘም። በማሽኑ ቅንብር ውስጥ የማከማቻውን ክፍል ከፍቶ የዲስኩ ፋይል ተያይዞ እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል። ፋይሉ የተቀመጠው በውጫዊ ዲስክ ላይ ከሆነ፣ ዲስኩ አለመሰካቱ ወይም መለያ ፊደሉ መለወጡ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

4. ሥርዓተ ክወናው ይጫናል። ዊንዶውስ መነሣት ጀምሮ በሰማያዊ ገጽ ላይ «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» ካለ፣ ብዙ ጊዜ ዲስኩ የተያያዘበት መቆጣጠሪያ ከአይዲኢ ወደ ሳታ፣ ወይም ከሳታ ወደ አይዲኢ ተለውጧል። ወደ ቀድሞው መመለስ ይበቃል። በሊኑክስ ማሽን ላይ መብራት በድንገት ከጠፋ በኋላ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ቃል ሲታይ የፋይሎቹ ሥርዓት መጠገን እንዳለበት ያመለክታል፤ ይህም ኤፍኤስሲኬ በሚባለው ትእዛዝ ይከናወናል።

5. ፕሮግራሞች ይነሣሉ። የዊንዶውስ አርማ ታይቶ ማሽኑ ደጋግሞ የሚጠፋ ከሆነ በዊንዶውስ 7 ላይ ኤፍ 8ን በመጫን በሴፍ ሞድ መግባት ይቻላል። የመጫኛ ሲዲ ካስፈለገም «ኢንስቶል» የሚለውን ሳይሆን ኮምፒዩተሩን ለመጠገን የሚያስችለውን ምርጫ መውሰድ ይገባል።

ከአምስቱ በአንዱም ላይ የመጀመሪያው መፍትሔ ፎርማት ማድረግ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

በአጥቢያው የሆነው

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስደርስ በገጹ ላይ ያየሁት የሁለተኛውን ደረጃ ምልክት ነበር። አዲሱ ቨርቹዋል ማሽን ሲፈጠር ዓይነቱ ዊንዶውስ 11 ተብሎ ተመርጧል፤ አዲሱ ኮምፒዩተር የሚሠራው በዊንዶውስ 11 ስለ ነበረ ነው። ቨርቹዋልቦክስም በዚሁ ምርጫ መሠረት ኢኤፍአይን ከፍቶ ነበር። በዲስኩ ፋይል ውስጥ ያለው ግን በባዮስ የተጫነ ዊንዶውስ 7 ነው። ዓይነቱን አስተካክለን የኢኤፍአይን ምልክት ስናነሣ ማሽኑ ተነሣ።

ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። ሒሳብ ሹሟ የሒሳብ መዝገቡን ሲከፍቱ የመጨረሻው ደረሰኝ የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው ሆኖ ተገኘ። የሁለት ዓመት ሒሳብ የለም። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዝም አሉ።

ምክንያቱ ስናፕሾት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው ምልክት አድርጎ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ሁሉ በንዑስ ማኅደሩ ውስጥ ነበረ። ወደ አዲሱ ኮምፒዩተር የተገለበጠው ደግሞ ዋናው ፋይል ብቻ ነው። እኛም ያንን ቅጂ ስላስነሣነው ተለውጧል፤ ዋናው ፋይል ከተለወጠ የስናፕሾቱ ፋይል ከእርሱ ጋር መጋጠም አይችልም። ያዳነን የአሮጌው ኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ሳይነካ በመሳቢያ ውስጥ መቆየቱ ነው። የፈጠርነውን ማሽን ከዝርዝሩ አስወግደን፣ ከአሮጌው ዲስክ ማኅደሩን በሙሉ ገልብጠን፣ የቅንብር ፋይሉን ከፈትን። የቅንብር ፋይሉ የማስነሻውን ዘዴም፣ የዲስኮቹን ቅደም ተከተልም መዝግቦ ይዞ ስለ ነበር ማሽኑ ያለ አንዳች ማስተካከያ ተነሣ። የመጨረሻው ደረሰኝም መብራት ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ቀን የተቆረጠው ነበር። መጀመሪያውኑ ማኅደሩ በሙሉ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ድንጋጤዎች ባልደረሱ ነበር።

ምክሩን የሰጠውን ወጣት መውቀስ አይገባም። ገጹ የተበላሸ ዲስክ ያለው ኮምፒዩተር ከሚያሳየው ጋር ይመሳሰላል፤ በማኅደሩ ውስጥ ምን እንዳለም የነገረው አልነበረም። ጉድለቱ ማሽኑ እንዴት እንደ ተዋቀረ የሚናገር አንዲት ወረቀት እንኳ በጽሕፈት ቤቱ አለመኖሯ ነው።

የሰበካ ጉባኤያት ሊወስኑት የሚገባ

የሚከተሉት ጉዳዮች የባለሙያ ሥራ ብቻ አይደሉም፤ የአስተዳደር ውሳኔ ናቸው።

አንደኛ፣ መዝገብ ያለበትን ኮምፒዩተር ፎርማት ማድረግ የሚቻለው ሙሉ ቅጂ መኖሩ ተረጋግጦ ሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ሲፈቅድ ብቻ ይሁን።

ሁለተኛ፣ በየወሩ የማሽኑ ማኅደር በሙሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልበጥ፤ ሲገለበጥም ማሽኑ በአግባቡ የተዘጋ ይሁን። ዲስኩ የምእመናንን የግል መረጃ ስለሚይዝ ከኮምፒዩተሩ ርቆ፣ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ የማሽኑ ዓይነት፣ የማስነሻው ዘዴ፣ የዲስኩ መቆጣጠሪያና ማኅደሩ ያለበት ቦታ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ።

አራተኛ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን የደኅንነት ድጋፍ በጥር 2012 ዓ.ም. ስላቆመ፣ በእንግዳው ማሽን ላይ የኢንተርኔት ግንኙነት ይዘጋ።

አምስተኛ፣ ኮምፒዩተሩ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ በሚያቆይ ዩፒኤስ በኩል ይሰካ። እነዚያ ደቂቃዎች መጀመሪያ እንግዳውን፣ ቀጥሎም አስተናጋጁን በሥርዓት ለመዝጋት ይበቃሉ።

በመጨረሻም ቅጂ መያዝ ብቻውን አይበቃም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከሒሳብ ምርመራው በፊት፣ ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ የመጨረሻው ደረሰኝ ቀን ከወረቀቱ ደረሰኝ ጋር ይመሳከር። ይህን ለማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል፤ የሰባት ዓመቱ ሒሳብ እንዳለ የሚረጋገጠውም በዚያ ግማሽ ቀን ነው።