ቀዩ የዳገት አፈር፦ ሎም ነው፣ ሸክላ ነው ወይስ ለም?

በዚህ እትም ስለ አፈር ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ የፈተና ወረቀት ነው። በሳይንስ ፈተና ላይ «ዳገት ላይ የሚገኝ ጥልቅ የሎም አፈር ምን ምን ባሕርያት አሉት? በምሳሌ አብራሩ» የሚል ጥያቄ አውጥቼ ነበር። ከአዊ በኩል የመጣች አንዲት ተማሪ እንዲህ ብላ መለሰች፦ «የእኛ ማሳ ዳገት ላይ ነው። አፈሩ ቀይ ነው። አባቴ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲያስቆፍር ሁለት ሰው ቁመት ተወርዶ አለት አልተገኘም። ግን ለም አይደለም፣ ገብስ እምቢ ብሎታል።» እኔም ከአምስት ሁለት ሰጠኋት። ጥልቅ የሎም አፈር ለም ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔው ስለሆንኩ ከዚያ የወጣ መልስ ሁሉ ስሕተት መስሎኝ ነበር። ማታ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የድሮ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ የተሳሳትኩት እኔ እንጂ እሷ አለመሆኗን አየሁ። ሌሎቻችሁም በዚሁ መንገድ እያስተማራችሁ ከሆነ ይጠቅማችኋል በሚል ነው የጻፍኩት።

የመጀመሪያው ችግር የቋንቋ ነው። «ለም» የኛው ቃል ነው፣ እህል የሚያበቅል መልካም መሬት ማለት ነው። «ሎም» ግን ከእንግሊዝኛ የመጣ የሙያ ቃል ሲሆን የሚናገረው ስለ አፈር ቅንጣቶች መጠን ብቻ ነው። ሁለቱ በድምፅ መቀራረባቸው እንዲያው አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም ስንቱን ተማሪ እንዳሳሳተ እግዜር ይወቀው።

እንደሚታወቀው የአፈር ቅንጣቶች በመጠናቸው በሦስት ይከፈላሉ። ከ2 ሚሊ ሜትር እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ያለው አሸዋ፣ ከ0.05 እስከ 0.002 ያለው ደለል፣ ከ0.002 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ደግሞ ሸክላ ይባላል። ሎም የምንለው ሦስቱም ተመጣጥነው ጠባያቸውን ሲያሳዩ ነው። ለምሳሌ 40 በመቶ አሸዋ፣ 40 በመቶ ደለልና 20 በመቶ ሸክላ ያለው አፈር ሎም ነው። የሸክላው ድርሻ ያነሰው ጥቂቱ ብቻውን የብዙ ያህል ስለሚሠራ ነው። እንግዲህ በዚህ ትርጉም ውስጥ ስለ ለምነት አንድም ቃል የለም።

ይህንን ያለ ላቦራቶሪ በእጅ መለየት ይቻላል። እፍኝ አፈር ወስዶ ውሃ ጠብ እያደረጉ እንደ ሊጥ መለወስ፣ ከዚያም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፉ እንደ ጥብጣብ ማስረዘም ነው። ጥብጣቡ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ ከተቆረጠ ሎም ወገን ነው፤ ከ2.5 እስከ 5 ከሄደ ሸክላማ ሎም፤ ከ5 ካለፈ ሸክላ ነው።

እኛ እዚህ ጅቡቲ ከተማ የዳገት አፈር ከየት እናመጣለን ትሉኝ ይሆናል። እኔም አስቤበት ነበር። ገበያ የሚወርደው ድንች ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሐረርጌ ደጋ ነው፣ ከጆንያው ሥር ደግሞ አፈር አይጠፋም። ባለ ሱቋን እናቴ እያልኩ ለምኜ ከባዶ ጆንያዎች ሥር አንድ ጣሳ ቀላ ያለ አፈር አራግፌ ወደ ክፍል ወሰድኩ። አንዱ ተማሪ አንድ ደቂቃ ያህል ለወሰና ጥብጣብ ቢሠራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ላይ ተቆረጠ። «ሎም ነው!» ብለው ጮኹ። እስቲ ቀጥል አልኩት። አሥር ደቂቃ ያህል እየጠበጠበ ሲለውሰው ያው አፈር ለስለስ ብሎ፣ እንደ ማስቲካ ተጣብቆ፣ ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ሄደ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሎም የነበረው በአሥር ደቂቃ ሸክላ ሆነ!

አስማት አይደለም። የደጋው ቀይ አፈር ቀለሙን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው፣ ከዝገት ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ይህ ብረት ደቃቁን ሸክላ አጣብቆ በጣም ትንንሽ ድቡልቡል ጠጠር መሰል ያደርገዋል። ስንዳስሰው ደለል ወይም ደቃቅ አሸዋ ይመስለናል፤ ውሃም በመካከላቸው ቶሎ ያልፋል፤ ዝናብ ባቆመ በማግስቱ ይታረሳል። በጠባዩ ሎም፣ በቅንጣቱ ግን ሸክላ ነው። ስለዚህ ቀይ አፈር ላይ ይህን ሙከራ የሚያደርግ መምህር ሳይቸኩል በደንብ ያስለውስ።

ይህ አፈር እንዴት ያን ያህል ጥልቅ ሆነ? የኢትዮጵያ ደጋ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተሸፈነ ነው። ባዛልት ብረት የበዛበት፣ በሙቀትና በዝናብ ቶሎ የሚበሰብስ አለት ነው። ክረምቱ ጠንካራ በሆነበት ቦታ ውሃው ወደ ታች እየሰረገ አለቱን ያበሰብሰዋል፣ ቀላሉን ማዕድን አጥቦ ይወስዳል፣ ብረቱና ሸክላው ይቀራል። መሬቱ በጣም ቀጥ ያለ ካልሆነ የተፈጠረው አፈር እዚያው ይከማቻል። እዚህ አሊ አዴና ሆል ሆል ዙሪያ ያለውም አለት ብዙው የእሳተ ገሞራ ነው፤ ግን ዝናብ ስለሌለ አለቱ አለት ሆኖ ቀረ።

አፈር በዳገቱ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። ጆፍሪ ሚልን የተባለ የምሥራቅ አፍሪካ የአፈር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 ይህንን «ካቴና» ብሎ ሰየመው፣ በላቲን ሰንሰለት ማለት ነው። ከኮረብታው ራስ እስከ ሸለቆው ያሉት አፈሮች እንደ ሰንሰለት ቀለበት የተያያዙ ናቸው፤ ከላይ የታጠበው ከታች ይከማቻል። ገበሬዎቻችን ሚልን ሳይወለድ የሚያውቁት ነገር ነው። አናቱ ላይ ድንጋያማው ጭንጫ፣ ጎኑ ላይ ቀይ አፈር፣ ሜዳው ላይ ክረምት የሚያጣብቅ በጋ የሚሰነጣጠቅ ዋልካ ይሏቸዋል።

አሁን ወደ ምደባው እንምጣ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ትምህርቱን ባልጨርሰውም፣ ከማልረሳቸው ቀኖች አንዱ መምህራችን ሁለት ሜትር በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ በተራ በተራ ያስገቡን ቀን ነው። «አፈር ከላይ አይታይም፣ ከጎን ነው የሚታየው» ይሉን ነበር። የላይኛው አንድ ስንዝር ያህል ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ ሥርና የበሰበሰ ቅጠል ያለበት። ከዚያ በታች ቀዩ ይጀምራል፤ ግን ድንበሩ የት እንደሆነ አይታወቅም፣ ቀስ በቀስ ነው የሚቀላው። ከጉድጓዱ ግድግዳ ጓል አውጥተን በእጃችን ስንሰብረው ጠርዛማ፣ ለውዝ የሚያካክሉ ቁርጥራጮች ሆነ። ፊታቸው ደግሞ ሰም እንደተቀባ ያብረቀርቃል። ይህ ብርቀት ነው ስሙን የሰጠው፦ «ኒቲሶል»፣ ከላቲኑ «ኒቲዱስ»፣ አንጸባራቂ።

በዓለም አቀፉ የአፈር ምደባ (የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1998፣ አራተኛው በ2022 ወጥቷል) አንድ አፈር ኒቲሶል ለመባል ይህ የሚያብረቀርቅ ንብርብር ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ቢያንስ 30 በመቶ ሸክላ ሊኖረው ይገባል፤ የሸክላው መጠንም ወደ ታች ሲወርድ በድንገት መለዋወጥ የለበትም። ምደባው እንደ ወንፊት ነው የሚሠራው። 32 ዋና ዋና ቡድኖች በተራ ተቀምጠዋል፣ አፈሩ በመጀመሪያ ያለፈበት ወንፊት ላይ ይቀራል። 25 ሴንቲ ሜትር ሳይወረድ ወጥ አለት ከተገኘ ሌፕቶሶል ነው፣ ጭንጫው ማለት ነው። ሸክላው የሚያብጥና የሚሰነጣጠቅ ከሆነ ቨርቲሶል ነው፣ ዋልካው። እነዚህን አልፎ ብርቀቱ ካለ ኒቲሶል። ብርቀቱ ከሌለና ሸክላው ከላይ ታጥቦ ከታች ከተጠራቀመ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ይሆናል፦ ካልሲየምና ማግኒዚየም ቀርተውለታል ወይስ ቦታቸውን አሉሚኒየም ይዞታል? ከቀሩለት ሉቪሶል፣ አሉሚኒየም ከበዛበት አሊሶል ሊሆን ይችላል። ገና ያልበሰለው ካምቢሶል ይባላል።

ልብ በሉ፣ ሉቪሶልም አሊሶልም ኒቲሶልም ሦስቱም ቀይ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ተማሪ በዚያ ቀን «ታዲያ ይሄ የጆንያው አፈር ኒቲሶል ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ከጆንያ አፈር ቅንጣቱን እንጂ ስሙን ማወቅ አይቻልም፤ ስሙ ያለው ጥልቀቱ ውስጥ ነው። የአሜሪካኖቹ ምደባ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ይኸው ኒቲሶል በእነሱ ዘንድ አልፊሶል ወይም አልቲሶል ሊባል ይችላል። ስለዚህ ከመጽሐፍ ስም ስትገለብጡ የየትኛው ምደባ እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ፣ አለበለዚያ ተማሪ ሁለት አፈር ይመስለዋል።

ጥልቀቱ ምን ይጠቅማል? ዋናው ውሃ ነው። እንዲህ ያለ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ተክል ሊጠቀምበት የሚችል 150 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይይዛል። በጅቡቲ ከተማ ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ ወደዚሁ ይጠጋል። የእኛን የአንድ ዓመት ዝናብ አንድ ሜትር ቀይ አፈር ይውጠዋል ማለት ነው! ሃያ ሴንቲ ሜትር ጭንጫ ግን 30 ሚሊ ሜትር ቢይዝ ነው፤ ሰብል በቀን 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጣ በሳምንት ውስጥ ያልቃል። ዝናብ በመስከረም ሲቋረጥ ቀዩ አፈር ላይ ያለው እህል ፍሬ የሚይዘው ለዚህ ነው።

ውሃ መያዝ ግን ምግብ መያዝ አይደለም። አለቱን አፈር ያደረገው ያው ዝናብ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙንና ፖታሲየሙን አጥቦ ይወስዳል። አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። የፒኤች መጠኑ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምርና የሥሩን ጫፍ ያደነድናል። ብረቱ ደግሞ ፎስፈረሱን ጨብጦ አልለቅም ይላል፤ ዳፕ ቢጨመርም ሰብሉ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። ገብስ አሲድ ከማይችሉት ሰብሎች አንዱ ነው። በአዊ ደጋ፣ በእንጅባራና በባንጃ ዙሪያ፣ አርሶ አደሩ ወደ ድንችና ወደ እንግዶ የዞረው፣ በፋግታ ለኮማም ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሎ ከሰል ማክሰል የያዘው አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል። መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው፤ ግን ለአንድ ሄክታር በኩንታል ሳይሆን በቶን ስለሚጠየቅ መኪና ለማይደርስበት ማሳ ማን ያመጣዋል?

ሁለተኛው ጉዳይ መሸርሸር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ጀምረው ነበር። ጣቢያዎቹ በወሎ ማይባር፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ቦታዎች ተተከሉ። ፕሮግራሙን የመሩት ሃንስ ሁርኒ ከታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር እንደሚታጠብ ገምተዋል። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር 10 ሜትር ኩብ ነው፣ ወደ 12 ቶን ይመዝናል። ስለዚህ 42 ቶን ማለት 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ያ ጠቆር ያለው የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር 60 ዓመት አይሞላውም ማለት ነው፣ አንድ ሰው ከልጅነት እስከ ሽምግልና።

እዚህ ላይ ጥልቀቱ ራሱ ያታልላል። በጭንጫ ላይ አፈር ሲሄድ ድንጋዩ ወዲያው ይወጣል፣ ገበሬው ያያል። በቀዩ ላይ ግን አንድ ስንዝር ቢሄድም ከሥሩ ያው ቀይ አለ። ማረሻው ይገባል፣ መሬቱ ያው ይመስላል፣ ምርቱ ግን በየዓመቱ ይቀንሳል። የሄደው ብስባሹ ያለበት ንብርብር ነው፤ የቀረው ውሃ የሚይዝ የተራበ ሸክላ ነው።

በአንጀኒ ተፋሰስ፣ ደምበጫ አጠገብ፣ በአንድ ትንሽ ተፋሰስ ውስጥ አሊሶል፣ ኒቲሶል፣ ካምቢሶልና ሌፕቶሶል ተመዝግበዋል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1986 ፋንያ ጁ የሚባል እርከን ተሠራ። በስዋሂሊ «ወደ ላይ ወርውር» ማለት ነው፤ ቦይ ይቆፈርና አፈሩ ወደ ዳገቱ በኩል ይጣላል። የታጠበው አፈር ከክትሩ ኋላ እየተኛ በዓመታት ውስጥ ዳገቱ ደረጃ ይሆናል። አፈሩን ግን ያስቀረዋል እንጂ አሲዱን አያወጣለትም፣ ለዚያ አሁንም ኖራና ፍግ ያስፈልጋል።

በክፍል ልትሞክሩት ለምትፈልጉ፦ ሁለት ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ። በአንዱ የጆንያ አፈር፣ በሌላው ከአምቡሊ ወንዝ መውረጃ ያመጣችሁትን ጨምሩ፤ ሲሶው ድረስ አፈር፣ የቀረውን ውሃ፣ ቁንጥር ኦሞ። በደንብ ናጡትና አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ፣ ደለሉ በሁለት ሰዓት ገደማ ይዘቅጣል፣ ሸክላው አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። የእኛው የአምቡሊ ጠርሙስ ወዲያው ነው የተኛው፣ አብዛኛው አሸዋ ስለሆነ። የጆንያው ግን በማግስቱም ቀይ ሻይ መስሎ ነበር።

የተማሪዋን ወረቀት መልሼ አርሜዋለሁ፣ ከአምስት አራት። አንድ የቀነስኩት ስለ ቅንጣቶቹ መጠን ምንም ስላልጻፈች ነው። እሷ ግን አሁንም «ጋሼ፣ ጥያቄው እኮ እሱን አላለም» እያለችኝ ነው።